ጥቆማ፦ ያለ እንቁላል የሙዝ ዳቦ ድሬ ላይ፣ ምኑን ከየት? የትስ ላስጋግር?

የሳቢያኗ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። እንቁላልም ወተትም የሌለበት፣ ለጾም የሚሆን የሙዝ ዳቦ ፈልጌ ነው። በእንቁላሉ ፋንታ ምን ላግባ? ሙዙና ቤኪንግ ፓውደሩ ከየት ይገዛ? ኦቨን የለኝም፤ ፉርኖ ቤት ማስጋገር ይሻላል ወይስ ከሰል ላይ?

ከዚራ፦
ተልባ። ሌላ ነገር ፍለጋ አትድከሚ። እንቁላል እዚህ ዳቦ ውስጥ ሥራው ማያያዝና ማንሳት ነው። ማያያዙን ተልባ ይሠራል፣ ማንሳቱን ቤኪንግ ሶዳና ሎሚ። ጥሬውን ተልባ ግዢ፤ የተቆላው ሽታው ሙዙን ይውጠዋል። የተፈጨም አትግዢ፣ በዚህ ሙቀት ቶሎ ይበላሻል። የምትፈልጊውን ያህል ብቻ በቡና መፍጫ ፍጪው። 1 የሾርባ ማንኪያ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጠሽ 10 ደቂቃ አቆዪው፤ ሲዝለገለግ ደርሷል።

ልኩ ለአንድ ረዘም ያለ መጋገሪያ ይኸው፦ ፉርኖ ዱቄት 250 ግራም፣ ተልጦ የተመዘነ ሙዝ 350 ግራም፣ ስኳር 100 ግራም፣ ዘይት 80 ሚሊ ሊትር፣ ቤኪንግ ፓውደር 1 የሻይ ማንኪያ፣ ሶዳ ¾ የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ½ የሻይ ማንኪያ፣ የሎሚ ጭማቂ 1 የሾርባ ማንኪያ። ሎሚ ከሌለ አቼቶ በዚያው ልክ። ቀረፋ ወይም የተወቀጠ ሄል ½ የሻይ ማንኪያ ብትጨምሪ ያምርበታል። ዘይቱ ሽታ የሌለው ይሁን፤ የኑግ ዘይት እዚህ ቦታው አይደለም።

ሙዙን በሹካ ጨፍልቀሽ ከስኳሩ፣ ከዘይቱ፣ ከተልባውና ከሎሚው ጋር ምቺው። ዱቄቱን ከሶዳው፣ ከፓውደሩና ከጨው ጋር ለብቻ ነፍተሽ ጨምሪበትና ነጩ ዱቄት እስኪጠፋ ብቻ አገላብጪው። ቢበዛ 15 ጊዜ ነው። ጓጎል ቢታይ ግድ የለም። አብዝተሽ ካሸሽው እንደ ፉርኖ ሊጥ ይጠነክርና ላስቲክ የሆነ ዳቦ ይወጣል። ሶዳው ሎሚውን እንዳገኘ ሥራ ስለሚጀምር እሳቱ ከሊጡ በፊት ዝግጁ መሆን አለበት።

ቀፊራ አካባቢ፦
ሙዝ ከቀፊራ ገበያ ነው፣ ክርክር የለውም። ጥቁር ነጠብጣብ የወረሰውን፣ ልጣጩ የሳሳውን ምረጪ። ለመብላት የሚያምረው ቢጫ ለዳቦ ገና ነው። ትልቁ የአርባ ምንጭ ዓይነት ሦስት አራቱ 350 ግራም ይሞላል፤ ትንሹ ዓይነት ይጣፍጣል፣ ግን ብዙ ያስፈልጋል፣ መላጡም ያሰለቻል። ጠረኑ ወደ ጠላ ከሄደ ተይው፤ ሲጋገርም አይለቅም። ጠንከር ያለ ብቻ ካገኘሽ ስኳሩን ወደ 130 ግራም ከፍ አድርጊ።

ቤኪንግ ፓውደር ግን በፌስታል ተመዝኖ የሚሸጠውን አልመክርም፣ መቼ እንደተከፈተ አይታወቅም። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሄደሽ ታሽጎ ቀን የተጻፈበትን ውሰጂ። ቤት ስትደርሺ 1 የሻይ ማንኪያ ፓውደር ግማሽ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጣይ፤ ወዲያው ካልፈላ ሞቷል። ሶዳውን በአቼቶ ፈትኚው። የእንቁላል ምትክ ተብሎ የሚሸጥ ዱቄት ብታገኚም ተይው፣ በአብዛኛው ስታርችና ማንሻ ነው። ለዚያ ብር ማውጣት አያስፈልግም።

ጋጋሪው፦
ስለ እሳቱ እኔ ልናገር። ፉርኖ ቤት ርካሽና ምቹ ነው፣ ግን ምድጃው ለፉርኖ የጋለ ነው፣ ከ220 ዲግሪ በላይ። የሙዝ ዳቦ የሚፈልገው 175 ነው። በዚያ ግለት ካስገቡልሽ በ20 ደቂቃ ላዩ ይጠቁራል፣ ልቡ ሊጥ ይሆናል። ስለዚህ የዕለቱ ዳቦ ወጥቶ ምድጃው ሲቀዘቅዝ ውሰጂው፤ ቀድመሽ ጋጋሪውን በስንት ሰዓት እንደሚያበቃ ጠይቂ። ሊጡን ቤት ለውሰሽ በባጃጅ አትሂጂ። ደረቁን ለብቻ፣ እርጥቡን ለብቻ ይዘሽ እዚያው በር ላይ ደባልቂው። ከላይ ፎይል ጣል አድርጊበት፣ መጨረሻ ላይ ይነሳል።

ከሰል የሚሻለው እሳቱ በእጅሽ ስለሆነ ነው። ወፍራም ድስት ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ደረቅ አሸዋ አንጥፈሽ፣ ከድነሽ 15 ደቂቃ አግይው። መጋገሪያውን አሸዋው ላይ አሳርፊና ክዳኑ ላይ ፍም አድርጊበት፣ እንደ ድፎ ዳቦ። ከላይ ያለው ፍም ከታቹ ይብለጥ፤ የሚያርረው ሁልጊዜ ታቹ ነው። ከ60 እስከ 75 ደቂቃ ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹን 35 ደቂቃ አትክፈቺው፣ ገና ሳይጸና ንፋስ ከነካው መሃሉ ይሰምጣል። የኦቨን ባለቤቶችም ስሙ፦ መብራት ከ40 ደቂቃ በኋላ ከሄደ በሩን ሳትነኩ ተዉት፣ በያዘው ግለት ሊበስል ይችላል። በ15ኛው ደቂቃ ከሄደ ግን ተስፋ ቁረጡ።

ሸዋ በር፣ ሐረር፦
ይሄ ልክ ለድሬ ነው፣ ሐረር እንዳለ እንዳትወስዱት። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር፣ እኛ ወደ 1,900 ነን። አየሩ ሲሳሳ ሊጡ ፈጥኖ ይነፋና ሳይጸና ይወድቃል። እዚህ ፓውደሩን ¾፣ ሶዳውን ½ የሻይ ማንኪያ አድርጉ፤ ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ፤ ኦቨኑን 185 አድርጉት። የምግብ ቴርሞሜትር ያላችሁም የባሕር ጠረፍ አገር ቁጥር አትጠብቁ። ሐረር ውሃ የሚፈላው ወደ 94 ዲግሪ ላይ ስለሆነ የዳቦው ልብ 91 አካባቢ ሲደርስ አውጡት፤ 96 ስትጠብቁ ይደርቃል።

ገንደ ቆሬ፦
አቦ ተልባ ለምን? ሙዙን ብጨምርበትስ አይያያዝም?

ከዚራ፦
አይሆንም ወንድሜ። ሙዝ ውሃው ብዙ ነው። ከ400 ግራም ሲያልፍ ታቹ ላይ ያ እርጥብ፣ ሙጫ የመሰለ መስመር ይመጣል። ሰው ጥሬ ነው ብሎ እሳት ይጨምርበታል፤ ጥፋቱ ግን የልኩ ነው። ተልባ ካላገኘህ የሽምብራ ዱቄት (ያልተቀመመ!) 2 የሾርባ ማንኪያ በ3 ማንኪያ ውሃ በጥብጥ። ይያያዛል፣ ትንሽ ይከብዳል እንጂ። የፍስክ ከሆነ እርጎ 60 ሚሊ ሊትር ይበቃል፣ ያኔ ሎሚው ይቀራል። ሶዳ መጨመር ግን መፍትሔ አይደለም፤ ዳቦው ይጠቁራል፣ ሳሙና ሳሙና ይላል።

የሳቢያኗ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ ከሰሉን ልሞክር። ባይሳካ ከኬክ ቤት የጾም ኬክ ብገዛስ?

ጋጋሪው፦
ግዢ፣ ግን በምን እንደተሠራ ጠይቂ። ቅቤ የለውም ማለት ወተት የለውም ማለት አይደለም፤ አንዳንድ ማርጋሪን የወተት ዱቄት አለበት፣ ካርቶኑ ላይ ይጻፋል። የራስሽን ከጋገርሽ ደግሞ 15 ደቂቃ መጋገሪያው ውስጥ ይረፍ፣ ከዚያ ገልብጠሽ ወንፊት ላይ አቀዝቅዢው። ትኩሱን አትቁረጪ። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ በፌስታል ከታሰረ በድሬ ሙቀት ቶሎ ይሻግታል። ከሁለት ቀን በላይ የሚቆይ ከሆነ ቆራርጠሽ ፍሪዘር አስገቢው።