አሰልጣኙ ሩጫ ይወዳል፣ ቡድኑ ግን አይሮጥም

ባለፉጨቱ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የሰፈራችንን የወጣቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን በትርፍ ሰዓቴ አሰለጥናለሁ። ልጆቹ ከ16 እስከ 18 ዓመት ናቸው። እኔ ያደግኩት ኤንቢኤ (የአሜሪካ ሊግ) ላይ የስቲቭ ናሽን ፊኒክስ እያየሁ ነው፣ ቀጥሎ ሌላው ፈጣን ቡድን ጎልደን ስቴት መጣ፣ እና ኳስ ይዞ የሚቆም ቡድን ሳይ ያመኛል። ሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰ ኳስ) ያዝ፣ ብረር፣ ክፍት ከሆንክ ወርውር። ለልጆቹም ያመጣሁት ይህንኑ ነው።

ችግሩ ልጆቹ የዚህ ዓይነት አይደሉም። አንድ በጣም ረጅም ልጅ አለኝ፤ እጁ ለስላሳ ነው፣ ቅርጫት ስር ኳስ ከደረሰው አይስትም፣ ግን ሜዳውን ሦስት አራት ጊዜ ከተመላለሰ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያጎነብሳል። ኳስ የሚያመጣው ልጅ ጭንቅላት አለው፣ ሩጫ ግን የለውም፣ ቆም ብሎ አይቶ ነው የሚያቀብለው። ከሩቅ የሚያስገባ አንድ ልጅ ብቻ ነው ያለው። ሌሎቹ ዲፌንስ ላይ እጅ አይሰጡም፣ ሪባውንድ ላይ ይጋፋሉ፣ ከሩቅ ሲወረውሩ ግን አንዳንዴ ብረቱንም አይነኩም። ሜዳችን ደግሞ ጣሪያ የሌለው ሲሚንቶ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ኳሷን ይዟት ይሄዳል።

ውጤቱን አትጠይቁኝ። የመጀመሪያውን ኳርተር እንመራለን፣ ከእረፍት በኋላ ትንፋሽ አጥሮን እንበተናለን። ረዳቴ «ትልቅ አሰልጣኝ በመስመሩ ይጸናል፣ ልጆቹ ይለምዱታል» ይለኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? እነሱ እኔን እስኪመስሉ ልጠብቅ ወይስ እኔ እነሱን ልምሰል?

የድሮ ሴንተር፦

ረዳትህን ሰላም በልልኝና ተሳስተሃል በለው። የምትወደው ፊኒክስ ራሱ እኮ መልሱን ይዟል።

የፊኒክሱ አሰልጣኝ ማይክ ዳንቶኒ በፈረንጆቹ 2004 ናሽ ሲመጣለት ያንን የውድድር ዓመት በ62 ድል ጨረሰ። ቡድኑ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ያሸነፈው 29 ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ፍጥነቱ ነው፣ ፍጥነቱ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ናሽ እየሮጠም አንገቱን ቀና አድርጎ አራቱንም ያያል። ስቱደማየር ሴንተር (ቅርጫት ስር የሚጫወተው ረጅም ሰው) ቦታ ላይ ተደርጎ ረጃጅሞቹ ተከላካዮች አይደርሱበትም። ማሪዮን ትንሹንም ትልቁንም ይጠብቃል። ዳር ላይ ደግሞ ወርዋሪዎች ቆመዋል። እነዚህን ሰዎች ይዞ ቀስ በል ማለት ነበር ጥፋቱ።

አሁን ይኸው ሰውዬ በ2012 መጨረሻ ሌከርስ ገባ። ናሽ አለ፣ ኮቤ አለ፣ ድዋይት ሃዋርድ አለ፣ ፓው ጋሶል አለ። ስማቸው ብቻ ያስፈራ ነበር። ግን ናሽ 38 ዓመቱ ነው፣ ያውም ገና በሁለተኛው ጨዋታ እግሩ ተሰብሯል። ሃዋርድ ፒክ ኤንድ ሮል (ለኳስ ያዡ ተከላካዩን አግዶ ወደ ቅርጫት መሮጥ) ከመጫወት ይልቅ ቅርጫቱ ጋ ጀርባውን ሰጥቶ ኳስ አምጡ ይላል። ጋሶል ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ቅርጫት አጠገብ በጥበብ የኖረ ሰው ነው፤ እሱን ወደ ውጭ ገፉት፣ አልፎ ተርፎም አግዳሚ ላይ አስቀመጡት። 45 አሸንፈው 37 ተሸነፉ፣ ፕሌይኦፍ (የጥሎ ማለፉ ዙር) ላይ ሳን አንቶኒዮ 4 ለ 0 አሰናበታቸው። ኮቤም የተረከዙ ጅማት ተበጥሶ ስለነበር ሁሉንም አሰልጣኙ ላይ መለጠፍ ግፍ ነው። ቢሆንም ረጅምና የበሰለ ቡድን ይዞ የወጣቶች ሩጫ ለማስሮጥ መሞከሩ አይካድም።

ደስ የሚለኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። በ2016 ሂውስተንን ሲይዝ ሃርደንን ፖይንት ጋርድ (ኳስ አምጪ) አደረገው፣ ሃርደንም በዚያ ዓመት በአሲስት (ነጥብ በሚያስገኝ ቅብብል) ሊጉን መራ። በ2017 ክሪስ ፖል ሲጨመር ደግሞ ያ ሁሉ ሩጫ ረገበ። ኳሷን ለሁለቱ ሰጥቶ አንድ ለአንድ እንዲጫወቱ ለቀቃቸው፣ 65 አሸነፉ። የሩጫ አባት የሚባለው ሰው ነው እንግዲህ! ረዳትህ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል ንገረን።

ዝም ብዬ ላንብብ ነበር፦

አሰልጣኝ ፓት ራይሊ ሳይነሳ ይህ ጨዋታ አያልቅም። ሰማንያዎቹ ውስጥ ከማጂክ ጋር የሚያበርር ሌከርስ ይዞ አራት ዋንጫ በላ። ከዚያ ኒውዮርክ ሄዶ ኢዊንግና ኦክሊን ሲያገኝ ጨዋታውን ወደ ትግል ቀየረው። በ1994 ለፍጻሜ ደርሰው በሰባተኛው ጨዋታ ነው በሂውስተን የተሸነፉት። አንድ ሰው፣ ሁለት የማይገናኝ ቡድን። ያልተቀየረው ቁጣው ብቻ ነው ሃሃሃ።

ሰባት ቁጥር፦

ሁላችሁም ትልልቅ ደመወዝ የሚበሉ አዋቂዎችን ነው ያመጣችሁት። ኮች ያለው የ16 ዓመት ልጆች ናቸው። ይህ ጉዳዩን ይለውጠዋል ብዬ ነው የማምነው።

እኔ በ15 ዓመቴ ከሰፈሩ ልጃገረዶች ሁሉ ረጅሟ ነበርኩ። አሰልጣኛችን «አንቺ እዚህ ቁሚ» ብሎ ቅርጫት ስር ተከለኝ። ኳስ ከላይ ይወረወርልኛል፣ ዞሬ አስገባለሁ፣ እናሸንፋለን፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። የእኔን ቁመት ከቡድኑ ጋር አስማምቶታል ካላችሁ አዎ፣ በደንብ አስማምቷል። በኋላ ክለብ ልሞክር ስሄድ ግን ሴንተሮቹ ከእኔ ጭንቅላት በላይ ናቸው። ወደ ውጭ ውጪ ተባልኩ። ድሪብል (ኳስ እያነጠሩ መሄድ) የለ፣ ከሩቅ ውርወራ የለ፣ ሰው ፊት ለፊት ሆኖ ሲጠብቀኝ ኳስ ይዤ መዞር እንኳ አልቻልኩም።

ስለዚህ ኮች፣ ጨዋታ ላይ ያላቸውን ተጠቀም፣ ልክ ነህ። ልምምድ ላይ ግን ያ ረጅም ልጅም ድሪብል ያድርግ፣ እነዚያ ብረት የማይነኩት ልጆችም በየቀኑ ይወርውሩ። ንፋስ አለ ካልክ ጠዋት ጠዋት። የዘንድሮን ጨዋታ ለማሸነፍ ብለህ የልጁን የነገ ዕድል አትብላበት።

የድሮ ሴንተር፦

እህቴ ልክ ነሽ፣ ይህችን አልጨመርኳትም። ቢሆንም በየሳምንቱ በሰፊ ልዩነት የሚሸነፍ ልጅ ደግሞ ልምምዱንም ይተዋል። ሁለቱም አለ።

ከነታንያ፦

ሻሎም ወገን። እኔ ያለሁት እስራኤል ነው፣ እዚህ ደግሞ ስለ አሰልጣኝና ተጫዋች መጣጣም ሲወራ የዴቪድ ብላት ነገር አይቀርም። ሰውዬው በ2014 ከማካቢ ቴል አቪቭ ጋር ሪያል ማድሪድን አሸንፎ የዩሮሊግ ዋንጫ አነሳ። ያኔ አገሩ አልተኛም። በጁን ክሊቭላንድ ወሰደው፤ ወጣት ቡድን ነው፣ ኪሪ ኧርቪንግ አለ፣ ቀስ ብለህ ገንባ ተብሎ። በጁላይ ኮከቡ ሌብሮን ተመለሰ። በኦገስት ኬቨን ላቭ መጣ። ሰውዬው ትምህርት ቤት እንዲከፍት ተጠርቶ አገር እንዲመራ ተደረገ ማለት ነው።

በ2015 ከቺካጎ ጋር አራተኛው ጨዋታ መጨረሻ ላይ ብላት ሌብሮንን ኳስ ከውጭ አስገቢ አድርጎ ሳለው። ሌብሮን አይሆንም፣ ኳሷን ለእኔ ስጡኝ አለ፣ ጥጉ ላይ ተቀበላት፣ ሰዓቱ ሲያልቅ አስገባት። እዚህ ሰው ሁሉ «ናቀው» ብሎ ተቆጣ። እኔ ግን አሁንም የማስበው ሌላ ነው። አሰልጣኙ ሰሌዳው ላይ ከመሳሉ በፊት ልጁን «የት ላይ ነው ኳስ የምትፈልገው?» ቢለው ኖሮ ምን ነበረበት? በጃንዋሪ 2016 ቡድኑ 30 አሸንፎ 11 ተሸንፎ ምሥራቁን እየመራ ተሰናበተ። ረዳቱ ታይሮን ሉ ተተካ፣ በዚያው ዓመት ዋንጫውን ወሰዱ። ውጤት እያለ እንኳ ልብ ለልብ ካልተገናኙ አይዘልቅም።

ያንተ ልጆች ሌብሮን አይደሉም፣ ገባኝ። ቢሆንም አንድ ቀን ሰብስበህ ኳስ የት ሲደርሳቸው ደስ እንደሚላቸው ጠይቃቸው። መልሱ ያስገርምሃል።

ባለፉጨቱ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የድሮ ሴንተር፣ ለረዳቴ አነበብኩለት፣ «ሂውስተንም እኮ በዳንቶኒ ጊዜ ዋንጫ አልበላም» ብሎ ዘጋኝ። በዚህስ ምን ልበለው።

ሰባት ቁጥር፣ ያልሽው ነገር ልቤ ውስጥ ገብቷል፣ ረጅሙን ልጅ ድሪብል ማስጀመሬ አይቀርም። ከነታንያ ለጻፍከው ደግሞ፣ ዛሬ ከልምምድ በኋላ ጠየቅኳቸው። ረጅሙ ልጅ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቅርጫቱ ስር ሳይሆን ፍሪ ስሮው (የቅጣት ውርወራ) መስመሩ ጋ ቢደርሰኝ ሁሉንም አያለሁ» አለኝ። ኳስ አምጪው ደግሞ ተቀብሎ፣ «እኔም ለእሱ ሰጥቼ ብሄድ ይሻለኛል፣ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይከበኛል» አለ። እንዲህ ዓይነት ነገር አጫውታችሁ የምታውቁ አላችሁ? ሌላው፣ ዲፌንስ ላይ ሙሉ ሜዳ ፕሬስ (ተጋጣሚን ሜዳውን ሁሉ እያሳደዱ መጫን) ነው የማስጫውተው፣ እሱስ?

መስመር ዳኛ፦

ከፕሬሱ ልጀምር፣ ምክንያቱም ከእረፍት በኋላ የሚያፈርሳችሁ እሱ ይመስለኛል። ስንት ተቀያሪ አለህ? አሥር ልጅ እያፈራረቅክ ካልሆነ በቀር 40 ደቂቃ ሙሉ ሜዳ መጫን አይቻልም። ያ ልጅ ጉልበቱን ይዞ የሚያጎነብሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ኤንቢኤ እያየህ ስትቀዳ ሕጉ ሌላ መሆኑን አትርሳ። እዚያ ተከላካይ የሚጠብቀው ሰው አጠገቡ ሳይኖር ቀለሙ (ቅርጫቱ ስር ያለው ሳጥን) ውስጥ ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆም አይችልም። በ2001 ዞንን (ሰው ሳይሆን ቦታ መጠበቅን) ሲፈቅዱ አብረው ያመጡት ሕግ ነው። እኛ የምንጫወትበት የፊባ (የዓለም ፌዴሬሽኑ) ሕግ ይህን አያውቅም። ስለዚህ ተጋጣሚህ አንድ ረጅም ልጅ ቅርጫቱ ስር ቢተክል ማንም ዳኛ አይነፋበትም። አንተ ደግሞ ከሩቅ የሚያስገባ አንድ ልጅ ብቻ ነው ያለህ። እና እነዚያ ልጆች እየሮጡ ወደ ቅርጫት ሲገቡ ማንን ያገኛሉ? ግድግዳ። ጎልደን ስቴት ሜዳው ሰፊ የሚመስለው ዳር የቆመውን ሰው ጥሎ መሄድ ስለሚያስፈራ ነው። በሰው ወርቅ አይደመቅም ወንድሜ።

ይኸው ሕግ ግን ላንተም ይሠራል። ረጅሙን ልጅ መሀል አድርገህ 2-3 ዞን (ሁለት ከፊት፣ ሦስት ከኋላ) ተጫወት። ሁለቱ ታታሪ ልጆች ከፊት ያሳድዱ፣ እሱ ቅርጫቱን ይጠብቅ፣ ሪባውንድ ይያዝ። ሩጫው በግማሽ ይቀንስለታል። ንፋሱ ደግሞ ተጨማሪ ተጫዋች ሆነልህ ማለት ነው፣ ዞንን የሚያፈርሰው የሩቅ ውርወራ ነዋ፤ በዚያ ሲሚንቶ ላይ ማን ያስገባል።

አሁን ረጅሙ ልጅ የነገረህ ነገር። እሱን ስማው፣ የኤንቢኤው ዴንቨር በዚያ መንገድ ነው የሄደው። አሰልጣኙ ማይክል ማሎን በዲፌንስ የሚታወቅ ሰው ነበር። ዮኪችን መጀመሪያ ከኑርኪች ጋር አብሮ ሊያሰልፈው ሞከረ፣ ሁለት ረጅም በአንድ ሜዳ ተጨናነቁ። በዲሴምበር 2016 ዮኪችን ለብቻው ሴንተር አደረገውና ማጥቃቱን በሙሉ በእሱ እጅ አሳለፈ። ዮኪች መቼም ሯጭ አይደለም፣ መዝለልም አይሆንለትም። ኳሷ ግን እሱ ጋ ደርሳ አትቆይም። በ2023 ዴንቨር በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲወስድ የፍጻሜው ኮከብ እሱ ነበር። አንተም የምትጠላው ኳስ ይዞ የሚቆም ቡድን ነው እንጂ ቀስ ብሎ የሚሮጥ ልጅ አይደለምና፣ ይህ ያስታርቃችኋል። መስመርህንም አልተውክም፣ ረዳትህም ፊቱ አይጠቁርም።

ባለፉጨቱ፦

ተቀያሪ ሦስት ነው ያለኝ፣ አንዱ ደግሞ ትምህርት ቤት የማታ ስለሆነ ይቀራል። ፕሬሱን ከነገ ጀምሮ አቁሜያለሁ፣ ምናልባት የኳርተሩ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ላይ ብቻ። ቅዳሜ ጨዋታ አለን፣ ኳሷን ፍሪ ስሮው መስመሩ ላይ ለረጅሙ ልጅ እያደረስን እንሞክረዋለን። አንድ ፍርሃቴ ለመወርወር የሚሰጠው 24 ሰከንድ ነው። የኛ ጠረጴዛ ላይ አንድ ልጅ በስልኩ ነው የሚቆጥረው፣ አንዳንዴ ጨዋታው ይጥመውና ይረሳል፣ አንዳንዴ ደግሞ ያፈጥነዋል።

መስመር ዳኛ፦

ሰዓት ቆጣሪውን ልጅ ትተህ አንድ ነገር አስለምዳቸው። ስምንት ሰከንድ ሳይሞላ መሀል ሜዳውን መሻገር ግዴታችሁ ነው፣ ከተሻገራችሁ በሁለተኛው ፓስ ኳሷ ረጅሙ ልጅ እጅ ትግባ። ከዚያ በኋላ ቆሞ የሚያየው ሰው አይኑር። ኳስ አምጪው ሰጥቶ ወዲያው ወደ ቅርጫቱ ይቁረጥ፣ በተቃራኒው በኩል ያለው ደግሞ ከተከላካዩ ጀርባ ይግባ። የሩቅ ወርዋሪህን ጥጉ ላይ ተወው፣ ከዚያ አይንቀሳቀስ። ልምምድ ላይ ያለ ድሪብል ብቻ አጫውታቸው፣ ማንም መሬት ላይ ካነጠራት ኳሷ ለሌላው ቡድን። መጀመሪያ ላይ ያማርራሉ፣ ይጣላሉም። ረጅሙ ልጅ ኳሷን ሲቀበል ሁለት እግሩን እኩል እንዲያሳርፍ ብቻ ደጋግመህ ንገረው፣ አለበለዚያ ቅዳሜ ዳኛው ትራቭሊንግ (ኳስ ይዞ መራመድ) እየነፋ ይጨርሰዋል።