አልፈርምም ካልኩ ወዲህ ዕረፍትም ባዶነትም ይሰማኛል፤ በራስ እሴት መኖር ይህ ነው?

ጠያቂ፦ የደብረ ብርሃኑ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሆኜ ለብዙ ዓመታት አገልግያለሁ። ሥራውን የሚያውቅ እንደሚረዳው፣ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሊዘጋ ሲል ግዢ ይጣደፋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ስለሚሆን ሁሉም ሰው ወረቀቱ ቶሎ እንዲያልቅለት ይፈልጋል። በዚህ ጥድፊያ መካከል፣ ከታዘዘው ዕቃ ገና ግማሹ ብቻ ገብቶ ሳለ፣ ሙሉውን እንደተረከብኩ አድርጌ ሞዴል 19 የሚባለውን የዕቃ ገቢ ደረሰኝ እንድቆርጥ ተጠየቅሁ። ቀሪው በሳምንት ውስጥ ይመጣል ተባልኩ። ጥራዙ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ፣ ካርቦኑ በቅጠሎቹ መካከል ገብቶ፣ ቀኑን ከጻፍኩ በኋላ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩና አልፈርምም አልኩ።

አሁን ወደ መዝገብ ቤት ተዛውሬያለሁ። ደመወዜ አልተነካም፤ አብረውኝ ቡና ይጠጡ የነበሩት ባልደረቦቼ ግን ሰላምታቸው ቀዝቅዟል። እናቴም «ከሰው ተስማምቶ መኖር ይሻላል፤ አገሩን አንተ ብቻህን ታቃናዋለህ ወይ?» ትለኛለች።

የምጠይቀው ስለ ቢሮው አይደለም። ባለመፈረሜ ከዚያ በፊት የማላውቀው ዕረፍት አግኝቻለሁ፤ በዚያው ልክ ደግሞ ባዶነት ይሰማኛል። ሌሊት እየነቃሁ ያንኑ ቀን አወጣዋለሁ፣ አወርደዋለሁ። ራስን መመርመር የሚባለው ይህ ከሆነ ድካም እንጂ እርካታ አልሆነልኝም። ያስቆመኝ የራሴ እሴት ይሁን ከአባቴ የወረስኩት እልኸኝነት በምን ለይቼ ልወቀው?

መልስ፦ አማካሪው መምህር

ወንድሜ፣ ዕረፍቱና ባዶነቱ አብረው መምጣታቸው መንገድ እንደሳቱ አያሳይም። የተማርኩት ሥነ ልቡና ስለሆነ ከዚያ በኩል ልመልስ። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉት ምሁራን ለአሥርተ ዓመታት ባዳበሩት ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ሰው በሕይወቱ ውስጡ እንዲረካ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ የሚያደርገውን በራሱ ፈቃድ ማድረጉ፣ በሚሠራው ሥራ ብቁ መሆኑ፣ ከሰዎች ጋር መተሳሰሩ። አንዱ ሞልቶ መትረፉ የሌላውን ጉድለት አይሸፍንም። እርስዎ እምቢ ባሉ ጊዜ የመጀመሪያው ሞላልዎ፤ ወዲያው ግን የለመዱትን ሥራም የቡና ጓደኞችዎንም አጡ። ስለዚህ ዕረፍቱም እውነት ነው፤ ባዶነቱም እውነት ነው፤ የመጡት ግን ከተለያየ በር ነው። ባዶነቱን ለማስወገድ ብለው ዕረፍት የሰጠዎትን ነገር መሻር አይገባዎትም፤ የጎደለውን በጎደለበት በኩል መሙላት ነው።

የራሴ ነው ወይስ የወረስኩት ለሚለው፣ እነዚሁ ሰዎች አንድ ዓይነት ተግባር ከልዩ ልዩ ምንጭ ሊወጣ እንደሚችል ያስረዳሉ። ሰው ቅጣት ፈርቶ እምቢ ሊል ይችላል። የሌላ ሰው ድምፅ በውስጡ እየገሠጸው፣ ሀፍረትን ሸሽቶ ወይም ኩራቱን ሊጠብቅ እምቢ ሊል ይችላል። ነገሩ ትክክል መሆኑን አምኖበት እምቢ ሊል ይችላል። ከሁሉ የሚጠልቀው ግን ያመነበት ነገር ከሌሎቹ እሴቶቹ ጋር ተዋሕዶ የማንነቱ አካል ሲሆን ነው። እንግዲህ ከአባት መወረሱ አንድን እሴት የራስ ከመሆን አያግደውም፤ ማንኛችንም ከባዶ ሜዳ ላይ እሴት አላበቀልንም። ዋናው ነገር የተቀበልነውን መርምረን፣ ዋጋውን አውቀን፣ እንደገና በፈቃዳችን መያዛችን ነው። አባትዎ ስለ ጉዳዩ ፈጽሞ ባይሰሙ፣ ማንም ባያመሰግንዎ፣ ያንኑ ያደርጉ ነበር? ለዚህ መልስ ለማግኘት ያን አንድ ቀን ብቻ አይመልከቱ። ማንም በማያይበት፣ ትርፍ መልስ በእጅዎ በገባበት ወይም ሚዛን ባጋደለበት ጊዜ ያደረጉትን ያስታውሱ፤ እሴት ከንግግር ይልቅ በእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ይታወቃል።

የሌሊቱ ነገር ማሰላሰል ሳይሆን ማብሰልሰል ነው። ትራፕኔልና ካምፕቤል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት ሁለቱን ለይተዋቸዋል፤ አንደኛው ከሥጋትና ከማጣት ስሜት የሚነሣ መብሰክሰክ ሲሆን፣ ሌላው ራስን የማወቅ ጉጉት ነው። ነገሩን ወደ ወረቀት ማውጣት ይረዳል። ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው እንዲጽፉ ተደርጎ ነበር፤ የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት ተማሪዎች በጻፉበት ሰዓት ቢከፋቸውም፣ በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱት ከሌሎቹ ያነሰ ጊዜ ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሲደመሩ ጥቅሙ መጠነኛ መሆኑን ስላሳዩ ተአምር አይጠብቁ፤ ቢሆንም የተጻፈ ነገር መጨረሻ አለው፣ ሌሊት የሚብሰለሰል ግን የለውም።

መልስ፦ የመሐል ሜዳዋ

ወንድም ዓለም፣ መምህሩ ያሉትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሁሉም ሰው በወረቀት አያስብም። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ የበግ ጠጉር ስትፈትል ግን ከራሷ ጋር የምትሟገት ይመስለኛል። እንዝርቱን ታሾረዋለች፣ ክሩ ሲቀጥን ቆም ትላለች፣ ጠጉር ጨምራ ትቀጥላለች፤ ስትጨርስም «ለእገሊት የተናገርኩት ልክ አልነበረም፣ ነገ እሄዳለሁ» ትላለች፤ ደግሞም ትሄዳለች። እኔ የማውቀው ራስን መመርመር ይህ ነው፤ እጅ ሥራ ይዞ፣ መጨረሻው ወደ ሰው ቤት የሚያስኬድ። አንተም ጽፈህ የሚሳካልህ ከሆነ ጻፍ፤ ካልሆነ የእግር መንገድ ውጣ፣ ብቻ አልጋ ላይ ተኝተህ አትመርምር።

ብቻዬን ቀረሁ ስላልከው ደግሞ የአገራችንን ነገር ላንሣልህ። የመንዝ ጓሳ የምንለው የጋራ የሣር መሬት እስከ ዛሬ የቆየው እያንዳንዱ ገበሬ በግሉ ጻድቅ ስለነበረ አይመስለኝም። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ እንዲደርስ ቦታው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይ ነበር፤ የሚከፈትበትን ጊዜ የሚወስኑ መሪዎች ነበሩ፤ ሁሉም ይጠብቅ ስለነበረ እምቢ ማለት ማንንም ብቸኛ አያደርገውም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ያ የአባት ሥርዓት ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ፤ ኋላ ኅብረተሰቡ ራሱ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመው። ከዚህ የምወስደው፣ አንድ ሰው የያዘው እሴት አብሮት የሚይዝ ካላገኘ ከባድ ሸክም እንደሚሆን ነው። በመሥሪያ ቤትህ አንተ ያደረግከውን ለማድረግ የሚመኝ፣ ግን የፈራ ሰው አይጠፋም። ፈልገው። ሰላምታቸው ቀዘቀዘ ያልካቸውንም ቢሆን አንተው ቀድመህ ቡና ጥራቸው፤ ምናልባት የፈሩት አንተን ሳይሆን ከአንተ ጋር መታየትን ይሆናል።

ሌላም አለ። በጽሑፍህ አባትህም እናትህም አሉ፤ ትዳር ካለህ ግን ባለቤትህ የለችበትም። የዚህ ውሳኔ ዋጋ ቤት ድረስ የሚመጣ ነውና እሷ ምን አለች? በራስ እሴት መኖር የተባለው ነገር፣ ዋጋውን አብሮ የሚከፍለውን ሰው ሳያማክር የሚሆን አይመስለኝም፤ በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው።

መልስ፦ ከሰላድንጋይ

ልጄ፣ እልኸኝነት ይሁን እሴት በምን ልለይ ላልከው፣ እኔ በዕድሜዬ የያዝኩት አንድ መለያ አለኝ። ያን ወረቀት በአንተ ምትክ የፈረመውን ሰው ስታስበው ልብህ ምን ይላል? ከናቅከው፣ ውድቀቱንም ከተመኘህ፣ እውነት ከመውደድህ ጋር ትዕቢት ተቀላቅሏል ማለት ነው። ካዘንክለት፣ ልጆች የሚያሳድግ፣ የፈራ ሰው መሆኑ ከታየህ፣ ያስቆመህ ከእልህ የተሻለ ነገር ነው። ተቀላቅሎ ብታገኘውም አትደንግጥ፤ ንጹሕ ሐሳብ ብቻ ይዞ መልካም የሠራ ሰው ብዙ አላየሁም። ለዚህ ነው የንስሐ አባት የሚያስፈልገው፤ ሰው ለራሱ ሲፈርድ ወይ ይጨክናል ወይ ያደላል፤ ሌላ ጆሮ ሲሰማው ግን ነገሩ መጠኑን ይይዛል።

ነሐሴ 1 የፍልሰታ ጾም ይገባል። በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው ሱባኤ ለመያዝ ወደ ጻድቃኔ ማርያም ይመጣል። ፈቃድ ካገኘህ ለጥቂት ቀን መጥተህ ጽሞና ያዝ። ከስልክና ከቢሮ ወሬ ርቆ፣ በሰዓቱ መጸለይ፣ በሰዓቱ መብላት፣ በሰዓቱ መተኛት ብቻውን ሐሳብን ያረጋጋል። ሌላ እምነት ካለህም በሥርዓትህ የጽሞና ጊዜ አታጣም። ብቻ ሱባኤ መሸሸጊያ እንዳይሆንብህ፤ ስትመለስ ያው መዝገብ ቤት ይጠብቅሃል፣ እዚያም ቢሆን መዝገቡን በትክክል የሚያኖር ሰው ያስፈልጋል።

መልስ፦ የቀድሞ ኦዲተር

ሁሉም መልካም ብለዋል፤ እኔ መምህሩ በሁለተኛነት ባነሡት ብቁ መሆን ላይ ብቻ ልጨምር። በእኔ አስተያየት፣ የያዙትን እሴት በሥራ ላይ የሚያውሉበትን መንገድ አለማወቅ ለባዶነቱ ትልቅ ምክንያት ነው። «አልፈርምም» ማለት ግማሽ መንገድ ነው። ሌላው ግማሽ፣ በገባው ዕቃ ልክ ሞዴል 19 ቆርጦ የጎደለውን በጽሑፍ ለኃላፊ ማሳወቅ፣ የማስታወሻውን ግልባጭ ማስቀረት፣ እንዳስፈላጊነቱም ለውስጥ ኦዲት ማቅረብ ነው። እንዲህ ሲያደርጉ ነገሩ በእርስዎና በአለቃዎ መካከል የሚደረግ የግል ፀብ መሆኑ ቀርቶ መደበኛ ሥራ ይሆናል፤ ባልደረቦችዎም አጠገብዎ ለመቆም ይቀላቸዋል። ነገሩ ወንጀል ሆኖ ከተገኘም የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 መኖሩን ይወቁ፤ ከመጠቆምዎ በፊት ግን ሕግ የሚያውቅ ሰው ያማክሩ።

እስካሁን በጽሑፍ ያቀረቡት ነገር አለ? ካለ፣ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት መዝገብ ቤት ገብቷል ወይስ በእጅ ብቻ ነው የሰጡት?