የድመት ዓይን ሲታመም፦ ባሕር ዳር ላይ የት እንውሰዳት? ምን እንግዛላት?

ሰሞኑን ድመት ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ዓይኗ አብጧል፣ ዓይናር ይዟታል፣ አንዱን ዓይኗን ጨፍና ነው የምትውለው። ምን ላድርግላት?» ሰፈር ውስጥ የሚሰጠው መልስ ደግሞ ይታወቃል። አንዱ «ተዋት፣ ድመት ራሷን ታድናለች» ይላል። ሌላው «ቅባት ገዝተህ ቀባት» ይላል። ሁለቱም አያዋጡም። ዓይን ጊዜ አይሰጥም።

ከምንም በፊት መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ኮርኒያዋ፣ ማለትም ከፊት ያለው መስታወት መሳዩ የዓይኗ ክፍል፣ ተጭሯል ወይስ አልተጫረም? ይህ ሳይታወቅ የሚገዛ ጠብታ ሁሉ ቁማር ነው። እኔም ሐኪም የምመርጠው በዚህ ነው። ደውዬ የምጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ «ድመት ታያላችሁ?» እና «ፍሎረሲን አላችሁ?»

ፍሎረሲን ጫፉ ብርቱካናማ ቀለም የተነከረ ቀጭን ወረቀት ነው። ሽምብጥ አካባቢ ያሉ አንዲት እናት ድመታቸው ስትመረመር ቆሜ አይቻለሁ። ድመቷን በፎጣ ጠቅልለን ያዝናት። ሐኪሙ ወረቀቱን በሳላይን (ንጹሕ የጨው ውኃ) አርሶ የዓይኗን ዳር ነካ አደረገ። ከዚያ ዓይኗን አጥቦ መብራቱን አጠፋና ሰማያዊ ባትሪ አበራ። ኮርኒያዋ ላይ ፀጉር የምታህል አረንጓዴ መስመር ቁልጭ ብላ ታየች። ጭረት ነው። ሌላ ድመት ቧጭሯት ኖሯል።

የሚያናድደው ግን እኚህ እናት ከዚያ በፊት ከአንድ መድኃኒት ቤት ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ተሽጦላቸው ነበር። እንዲህ ያለው ጠብታ መቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፋ የዳነች ያስመስላል። ውስጥ ውስጡን ግን ቁስሉ እንዳይጠግግ ያደርጋል። ጀርም ከገባበት ደግሞ ኮርኒያው እስከ መበሳት ሊደርስ ይችላል። ድመቷ በጊዜ ስለተደረሰላት ዓይኗ ተርፏል። ስለዚህ ጠብታ ከመግዛታችሁ በፊት ካርቶኑን አንብቡ። ዴክሳሜታዞን፣ ቤታሜታዞን፣ ፕረድኒሶሎን ወይም ሃይድሮኮርቲዞን የሚል ካያችሁ (ሁሉም ስቴሮይድ ናቸው)፣ ዓይኗን በቀለም ያየ ሐኪም ካላዘዘላችሁ በቀር መልሱት።

የት እንውሰዳት ለሚለው፣ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ቤት ድረስ የሚመጣ የግል የእንስሳት ሐኪም ነው። ከክሊኒክ ትንሽ ይወደዳል። ግን ድመት ከቤቷ ስትወጣ ትደነግጣለች፤ ድንጋጤው ራሱ በሽታ ይቀሰቅሳል። ብዙ ድመቶች በልጅነታቸው የያዛቸው የሄርፐስ ቫይረስ ሰውነታቸው ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ጭንቀት ሲያገኛቸው ዓይናቸውን እያስለቀሰ፣ እያስነጠሰ ይመለሳል። ወደ ሰው አይተላለፍም።

የመንግሥት የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ዋጋው ደህና ነው። ነገር ግን ሥራው በአብዛኛው ከብት፣ በግና የጋሪ ፈረስ ላይ ነው። ቀለል ላለ የዓይን ሕመምና ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እመክረዋለሁ። ጠዋት በጊዜ ሂዱ። ድመቷን ታቅፋችሁ ባጃጅ ላይ እንዳትወጡ፤ ክላክስ ስትሰማ ቧጭራችሁ ትዘላለች። ቀዳዳ የተበሳ ካርቶን ውስጥ አድርጉና በገመድ እሰሩት።

የእንስሳት መድኃኒት ቤት መግዣ እንጂ መመርመሪያ አይደለም። ባንኮኒ ላይ ቆሞ «ዓይኗ ቀልቷል» ለተባለ ሰው የሚሰጠው ግምት ነው። በተለይ ለከብት መርፌ የሚሸጠውን ኦክሲቴትራሳይክሊን ዓይን ውስጥ አንጠባጥቡ የሚላችሁ ካለ አትስሙት። ለዓይን የተሠራ መድኃኒት አይደለም።

ከበድ ያለ ነገር ከሆነ አባይን ተሻግራችሁ ዘንዘልማ ግቢ ጠይቁ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ እዚያ ነው፤ ከመንገላታታችሁ በፊት ግን በስልክ አረጋግጡ። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዓይኗ ከጉድጓዱ ከወጣ ወይም ከተበሳ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሰላም መሆኑን አጣርታችሁ፣ ሐኪም መኖሩን ደውላችሁ ሂዱ። ሐኪማችሁ ጎበዝ ሆኖ ፍሎረሲን ብቻ ከጎደለው ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ። ለሰው ዓይን ምርመራ የሚውለው ወረቀት ያው ነውና ፈልጋችሁ አቅርቡለት።

አሁን ወደ ዕቃው። ለማጠቢያ አንደኛው ኖርማል ሳላይን ነው፤ 0.9 በመቶ የሚለውን። ከግሉኮስ ጋር እንዳይምታታባችሁ፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ላስቲክ ይሸጣሉ። እሱ ከሌለ ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ ይበቃል። በጎዝ (ለቁስል በሚውለው ስስ ጨርቅ) ጥረጉ። ጥጥ ክሩ ዓይን ውስጥ ይቀራል። የደረቀውን ዓይናር አትፈልቅቁት፤ እርጥቡን ጎዝ ትንሽ ጊዜ አስቀምጡበት፣ ራሱ ይለቃል። ለእያንዳንዱ ዓይን የየራሱ ጎዝ።

ቴትራሳይክሊን 1 በመቶ የዓይን ቅባትን የማያውቅ ቤት የለም። በክልላችን የዓይን ማዝ ስላስቸገረ ስንታችን ተቀብተነዋል። የድመትን ዓይን ከሚያሳምሙት አንዱ ጀርም የማዝ አምጪው ዘመድ ስለሆነ ቅባቱ ለእሷም ይሠራል። ሐኪም ካያት በኋላ የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጋችሁ የሩዝ ፍሬ የምታህል አስገቡ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ግን ይህ ጀርም ከሆነ ቅባት ብቻውን አይነቅለውም። ሐኪሙ ዶክሲሳይክሊን ለአራት ሳምንት ያዛል። ኪኒኑን በደረቁ አታውጧት፤ ጉሮሮዋ ላይ ተጣብቆ ያቆስላል። ወዲያው ውኃ ወይም ምግብ አስከትሉ። ቀብታችሁ ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ፣ ይህኛው ጀርም አልፎ አልፎ ሰውን ይነካል።

እንዳታክ የምታደርጋት የአንገት ጃንጥላ ካላገኛችሁ ቤት ውስጥ የተረሳ የራጅ ፊልም አውጡ። ግማሽ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡና በአንገቷ ዙሪያ እንደ ጥሩምባ ጠቅልሉት። አንገቷ ጋ የሚያርፈውን ጠርዝ በፕላስተር ሸፍኑት። ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው። ብርሃን በመጠኑ ያሳልፋል። ከብዙ የሱቅ ዕቃ ይሻላል እላለሁ።

ሕመም ታስታግስ ብላችሁ ፓራሲታሞል በፍጹም አትስጧት። የድመት ጉበት አያጣራውም። ግማሽ ኪኒን ሊገድላት ይችላል። ጨውና ትንባሆ አኝኮ ዓይን ላይ እንትፍ ማለትም የቆየ የባላገር ልማድ ነው፤ ከብቱንም ድመቷንም ይጎዳል።

ለነገ የማይባሉት እነዚህ ናቸው። ዓይኗን ጨርሳ ካልገለጠች፣ ኮርኒያው እንደ ወተት ከነጣ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ፣ አንዱ ብሌን ከሌላው ከሰፋ በዚያው ቀን ትታይ። ግልገሎች ዓይናቸውን የሚገልጡት ከተወለዱ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ገና ሳይገልጡ ቆቡ ካበጠ ከሥሩ መግል አለ ማለት ነው። በጥፍር አትክፈቱት፣ ሐኪም ይክፈተው። በሁለቱም ዓይኖች ጥግ ነጭ ሽፋን ከወጣ ደግሞ ችግሩ ብዙ ጊዜ ዓይኑ ላይ አይደለም። ሆዷ ተቅማጥ ወይም ትል ይዞት ይሆናል፣ ወይም ውኃ አንሷት ይሆናል።

የመጨረሻው ምግብ ነው፤ ብዙ ሰው ከዓይን ጋር አያገናኘውም። ድመት ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ራሷ መሥራት አትችልም። ከሥጋና ከዓሣ ነው የምታገኘው። ለወራት እንጀራ በሽሮ ብቻ የምትበላ ድመት የዓይኗ የኋላ ክፍል ቀስ በቀስ ይሞታል። ከሞተ አይመለስም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ በሌላውም ጾም እኛ ስንጾም እሷን አብረን የምናስጾም ብዙዎች ነን። ሥጋ ቤት ሳይዘጋ ልብና ሳምባ አስቆርጣችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡላት፤ ልብ በታውሪን የበለጸገ ነው። ጣና ዳር ላለ ሰው ደግሞ የዓሣ ጭንቅላት በቀላሉ ይገኛል። ግን ቀቅሉት። አንዳንድ ዓሣ ጥሬውን ሲበላ ቪታሚን ቢ1ን ያጠፋል፤ ያኔ የድመቷ ብሌን ይሰፋል፣ ጭንቅላቷ ወደ ታች ይጎብጣል፣ ልትንቀጠቀጥም ትችላለች። ስትቀቅሉ ታውሪኑ ወደ መረቁ ስለሚወጣ መረቁን አትድፉት፣ አጥንቱን ለቅማችሁ ከነመረቁ ስጧት።