ጥቆማ፦ ቨርቹዋል ማሽን ከተርሚናል ለምታስተዳድሩ
ያለ ግራፊክ መስኮት፣ በትዕዛዝ ብቻ ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ለማስተዳደር የትኛው መሣሪያ ይሻላል ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ መልሴን አንድ ላይ ላስቀምጥ። ማሽን ማስነሣት በሁሉም ቀላል ነው። እኔ የምመዝናቸው ማሽኑ አልነሣ ሲል ምክንያቱን ምን ያህል በግልጽ እንደሚነግሩኝ ነው።

ሰርቨራችሁ ሊኑክስ ከሆነ «ቨርሽ» (virsh) የሚለውን ያዙ። ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተዳድረው የሊብቨርት ሶፍትዌር ትዕዛዝ ነው፤ ከሥሩ ሆኖ ማሽኖቹ እንዲሠሩ የሚያስችለው ኬቪኤም (KVM) ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል አካል ነው። ጀማሪውን ቶሎ የሚያስደነግጠው ባዶ ዝርዝር ነው። «ቨርሽ ሊስት» በሥራ ላይ ያሉትን ብቻ ያሳያል፤ የጠፉትንም ለማየት «ኦል» ጨምሩበት። አሁንም ባዶ ከሆነ ማሽኖቹ የተፈጠሩት በሲስተሙ ሥር ሆኖ እናንተ የገባችሁት በራሳችሁ ተጠቃሚ ሥር ሊሆን ይችላል። «ኮኔክት» በሚለው አማራጭ የሲስተሙን አድራሻ ስጡት።

ስለ ማጥፋትም ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «ሻትዳውን» ልመና ነው፤ ውስጥ ያለው ሲስተም ካልሰማ ምንም አይሆንም። «ዲስትሮይ» ስሙ ቢያስፈራም ዲስኩን አይሰርዝም፤ የኤሌክትሪክ ገመድ እንደ መንቀል ነው፤ ገና ዲስክ ላይ ያልተጻፈ መረጃ ግን ሊጠፋ ይችላል። ማሽኑን ከመዝገብ የሚያስወጣው «አንዲፋይን» ነው።

«ቨርሽ»ን የወደድኩበትን ሌሊት አልረሳውም። አንድ የዳታቤዝ ማሽን በድንገት ቀጥ አለ፤ ኔትወርኩ መስሎኝ ሁለት ሰዓት ሙሉ እሱን ስፈትሽ ቆየሁ። በመጨረሻ «ቨርሽ ዶምስቴት» ላይ «ሪዝን» ጨምሬ ብጠይቀው፣ በግብዓትና ውጤት ስህተት ምክንያት ለጊዜው መቆሙን ነገረኝ። የአስተናጋጁ፣ ማለትም ማሽኖቹን የሚያስኬደው ኮምፒውተር፣ ዲስክ ሞልቶ ነበር። የማሽኑን ዲስክ የሚይዘው የኪውካው2 (qcow2) ፋይል በተጻፈበት መጠን እያደገ ስለሚሄድ፣ ለማሽኖቹ ቃል የገባሁላቸው ቦታ ሲደመር ካለኝ ዲስክ ይበልጥ ነበር። ማሽኑን የሚያስኬደው ፕሮግራም ኬምዩ (QEMU) ግን ማሽኑን አልገደለውም፤ ባለበት አቁሞ ጠበቀኝ። ቦታ አስለቅቄ «ሪዚዩም» ስለው ካቆመበት ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ማሽን ሲቆም መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ ቀጥሎ በቫር፣ ሎግ፣ ሊብቨርት፣ ኬምዩ ማውጫ ውስጥ በማሽኑ ስም የተቀመጠውን የምዝግብ ፋይል አነባለሁ።

በዊንዶውስ ወይም በማክ ላፕቶፕ ለምትሠሩ የቨርቹዋልቦክስ ትዕዛዝ የሆነው ቪቦክስማኔጅ (VBoxManage) ይበቃችኋል። «ስታርትቪኤም»ን «ሄድለስ» ከሚለው ዓይነት ጋር ስትሰጡት ያለ መስኮት ይነሣል። ትዕዛዞቹ ረጃጅም ናቸው፤ የምዝግብ ፋይሉ ግን በማሽኑ ማውጫ ውስጥ ስለሚገኝ ፍለጋ አያደክምም። ዊንዶውስ ላይ ማሽኑ ያለ ምክንያት ከተንቀራፈፈ የዊንዶውስ የራሱ የቨርቹዋል ማሽን ሥርዓት የሆነው ሃይፐር-ቪ በርቶ እንደሆነ እዩ።

ኡቡንቱ ሊኑክስን ለአጭር ሙከራ ብቻ ለምትፈልጉ መልቲፓስ (Multipass) የሚባለው መሣሪያ አለ። በአንድ ትዕዛዝ ማሽን ይሰጣችኋል፤ በስህተት ብትሰርዙትም «ፐርጅ» እስካላላችሁ ድረስ «ሪከቨር» ይመልሰዋል። ለከባድ ምርመራ ግን አልመርጠውም፤ የውስጡን አሠራር ብዙ ይደብቃል።

ፕሮክስሞክስ (ቨርቹዋል ማሽኖችን ለማስኬድ የተሠራ የሰርቨር ሲስተም) ላላችሁ ኪውኤም (qm) የሚባል ትዕዛዝ አለ። በብዛት የሚያጋጥመው መጠባበቂያ ቅጂ ሲወሰድ ተቋርጦ ማሽኑ ተቆልፎ መቅረቱ ነው። «ኪውኤም አንሎክ» ይፈታዋል፤ በቅድሚያ ግን ቅጂው አሁንም እየተወሰደ አለመሆኑን አረጋግጡ።

ኔትወርክ ሲጠፋ በምን እንገባለን ላላችሁ፦ በ«ቨርሽ ኮንሶል»። ጥቁር ስክሪን ብቻ ካሳያችሁ ውስጥ ያለው ሲስተም «ቨርሽ ኮንሶል» ወደሚያነበው ሲሪያል ወደብ እየጻፈ አይደለም ማለት ነው። በከርነሉ የማስነሻ መስመር ላይ ኮንሶሉን ወደዚሁ ወደብ፣ «ቲቲዋይ ኤስ0» (ttyS0)፣ ማዞርና ማሽኑን እንደገና ማስነሣት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በኔትወርክ የምትገቡበት ኤስኤስኤች (SSH) እየሠራ ሳለ አስተካክሉት። ለመውጣት ኮንትሮልን ከቀኝ ማዕዘን ቅንፍ ( ] ) ጋር ተጫኑ።