በዱባይ የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ላይ በበጎ ፈቃድ ማርሻል ሆኖ ስለማገልገል፦ ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ

ባለጋራዡ፣ ከዱባይ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ወንድሞቼና እህቶቼ። የምኖረው ዱባይ ሲሆን የምሠራውም በመኪና ጋራዥ ውስጥ ነው። በጃንዋሪ ወር በዱባይ አውቶድሮም የሚካሄደውን የ24 ሰዓት ውድድር ከተመልካች መቀመጫ ሆኜ ስከታተል ቆይቻለሁ፤ አሁን ግን በመንገዱ ዳር ቆመው ባንዲራ የሚያውለበልቡትንና የተጋጨ መኪና የሚያነሱትን በጎ ፈቃደኞች፣ ማለትም ማርሻሎቹን፣ መቀላቀል እፈልጋለሁ። ባለቤቴ «በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በሚከንፍ መኪና አጠገብ ሌሊቱን ሙሉ መቆም ምን የሚሉት ሥራ ነው?» ብላ አጥብቃ ትቃወመኛለች፤ እኔም ስጋቷን አቅልዬ አላየውም። በሥራው ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ጀማሪን ይቀበሉ እንደሆነ፣ የመካኒክነት ሙያዬ ይጠቅም እንደሆነ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አደጋው እንዴት እንደሚጠበቅ ብትነግሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ቢጫ ያዥ፣ ከአቡዳቢ

ወንድሜ፣ ትልቁን ጥያቄ ያነሡት ባለቤትዎ ስለሆኑ ከእሳቸው ልጀምር።

በአብዛኛው በትራኩ (በውድድሩ መንገድ) ዳር ባለ አንድ የማርሻሎች ጣቢያ ላይ ባንዲራ የሚይዙት ሁለት ሰዎች ናቸው። ሰማያዊውን የያዘው ፊቱን ወደሚመጡት መኪኖች አዙሮ ይቆምና ፈጣኑ መኪና ሊያልፈው የደረሰበትን አሽከርካሪ ያስጠነቅቃል። ቢጫውን የያዘው ደግሞ ጀርባውን ለሚመጡት መኪኖች ሰጥቶ ከጣቢያው በኋላ ያለውን መንገድ ይቃኛል፤ አደጋ ሲፈጠር ለቀጣዩ አሽከርካሪ ቀድሞ መንገር ያለበት እሱ ነውና። ስለዚህ ቢጫ ያዡ ከኋላው የሚመጣበትን አያይም። አንድ መኪና መንገዱን ስቶ ወደ ጣቢያው ሲንሸራተት የሚጮኸው፣ አስፈላጊም ከሆነ ቱታውን ይዞ ወደ አጥሩ ጥግ የሚጎትተው ጓደኛው ነው። በእኔ እምነት የዚህ ሥራ ዋናው ቁም ነገር ይኸው ነው፤ የመኪና ፍቅር ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ትኬት ቆርጦ ቢመለከት ይሻለዋል፤ ለሰዓታት የሌላውን ሰው ጀርባ በንቃት መጠበቅ የሚችል ሰው ግን በጣም ያስፈልጋል።

አደጋው የለም ብዬ አላታልልዎትም። በ1977 በደቡብ አፍሪካ ኪያላሚ በተካሄደው የፎርሙላ 1 ውድድር ላይ አንድ የ19 ዓመት ማርሻል የእሳት ማጥፊያ ተሸክሞ ትራኩን ሲያቋርጥ በቶም ፕራይስ መኪና ተገጭቶ ሞተ፤ ማጥፊያው ጭንቅላቱን የመታው አሽከርካሪም አብሮ ሞተ። በሥልጠና ላይ «ያለ ኃላፊ ትእዛዝ ትራክ አትርገጡ» እየተባለ እስኪሰለች የሚደጋገመው ለዚህ ነው።

ሙያዎ ይጠቅማል፤ የሚጠቅመው ግን እርስዎ ባሰቡት መንገድ ላይሆን ይችላል። ማርሻል መኪና አይጠግንም፤ ከአደጋ ቦታ ያስወግዳል እንጂ። ሆኖም ትራኩ ላይ የፈሰሰው ዘይት ይሁን ውኃ በዓይን መለየት፣ መጎተቻ ቀለበቱን በጨለማ ማግኘት፣ በሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቀይ የመብረቅ ምልክት ካለበት ቦታ የኤሌክትሪክ ማጥፊያውን ሳይደናበሩ መንካት ለመካኒክ ይቀለዋል።

ለምዝገባው የኤምሬትስን የሞተር ስፖርት ድርጅት ይጠይቁ። ጀማሪ መጀመሪያ ሥልጠና ይወስዳል፤ ከዚያም ልምድ ካላቸው ጋር ይመደባል። አሠሪዎን አስቀድመው ማስፈቀድ አይርሱ።

እህታችሁ ከለንደን

በወንድማችን ማብራሪያ ላይ ትንሽ ልጨምር። እኔ የማገለግለው እዚህ እንግሊዝ አገር ሲሆን በፈረንሳይ የለ ማን 24 ሰዓት ላይም ተሳትፌያለሁ። የለ ማን ትራክ 13.626 ኪሎ ሜትር ነው፤ የዱባይ ግን 5.39 ብቻ ስለሆነ መኪኖቹ በየጊዜው ይደራረባሉ፣ ሰማያዊ ባንዲራም እረፍት የለውም። ሌላው ልዩነት ሌሊቱ ነው። ለ ማን የሚካሄደው በጁን ስለሆነ ጨለማው አጭር ነው፤ በጃንዋሪ ግን ዱባይ ላይ ከማታ 12 ሰዓት ገደማ እስከ ንጋት 13 ሰዓት ያህል ይጨልማል። የመኪናው ቀለም አይታይም፤ የሚታየው የፊት መብራቱ ነው፤ የትኛው ፈጣን የትኛው ዘገምተኛ እንደሆነ ከድምፁ መለየት ይለምዳሉ። ከጥጥ የተሠራ ልብስ ይልበሱ፤ ናይለን እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የጆሮ መድፈኛ ይያዙ፤ የበረሃ ሌሊት ይበርዳልና ሹራብም አይርሱ። በፈረቃ እረፍት ሲሰጥዎት በእውነት ይተኙ፤ ጎበዝ መስሎ ለመታየት ነቅቶ ማደር ጓደኛን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ስለ ምልክት አንድ ነገር ላሳስብ። በ2017 ለ ማን ላይ ውድድሩን ይመራ የነበረው ቶዮታ ከፒት (መኪኖች ነዳጅ ከሚሞሉበትና ጎማ ከሚቀይሩበት ስፍራ) መውጫ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ሳለ፣ የማርሻል የሚመስል ልብስ የለበሰ የሌላ ቡድን አሽከርካሪ ለማበረታታት አውራ ጣቱን አሳየው። የቶዮታው አሽከርካሪ ኮባያሺ ሂድ የተባለ መስሎት ተነሣ፤ ቡድኑ በሬዲዮ አስቆመው፤ በመነሣትና በመቆም መካከል ፍሪሲዮኑ ተጎድቶ ብዙም ሳይቆይ ከውድድር ወጣ። ቱታውን ከለበሱ በኋላ የእጅዎ እንቅስቃሴ ሁሉ ትእዛዝ ነው፤ ለሰላምታም ቢሆን በዘፈቀደ እጅ አይነሣም።

ባለጋራዡ፣ ከዱባይ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴም መልሶቹን አብራኝ አንብባለች፤ እሷ ያነሣችው አንድ ጥያቄ ቀርቷል። በዱባዩ ውድድር 60 ቁጥር ያለበት ሐምራዊ ባንዲራ ሲወጣ መኪኖቹ ሁሉ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንደሚሄዱ አውቃለሁ፤ በዚያን ጊዜ ማርሻሉ ወደ ትራኩ መግባቱ አያሰጋም ማለት ነው?

ቢጫ ያዥ፣ ከአቡዳቢ

ይህ ኮድ 60 የሚባለው አሠራር የወጣው ሠራተኞች ስብርባሪ እንዲጠርጉና የተጎዳ መኪና እንዲያነሡ ነው፤ ውድድሩን ሳያቋርጡ ሁሉንም እኩል ማዘግየቱም በጣም የምወደው አሠራር ነው። ይሁን እንጂ 60 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ገደማ መሆኑን አይርሱ። ባንዲራው በወጣባቸው የመጀመሪያ ሴኮንዶች ደግሞ ሁሉም አሽከርካሪ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ስለዚህ የጣቢያው ኃላፊ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ጋር በሬዲዮ ተነጋግሮ «ግቡ» እስኪል ድረስ ከአጥሩ ጀርባ ይቆያሉ። ሲገቡም አንድ ሰው ሥራውን ትቶ የሚመጡትን መኪኖች ብቻ እያየ ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ ይቆማል፤ ፊሽካው ሲነፋ መጥረጊያውን እዚያው ጥለው ወደ አጥሩ ይሮጣሉ። ይህንንም ለባለቤትዎ ይንገሩልኝ።