ነገ ጠዋት 4:00 ሰዓት ጨረታው ይዘጋል፤ የከሰላችን የካሎሪ መጠን ከመሥፈርቱ በታች ወጣብን

የታርጫው (ምሽት 12:40)
ወገኖች፣ አስቸኳይ ነው። ለአንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ 6,000 ቶን የድንጋይ ከሰል ለማቅረብ የጨረታ ሰነድ ገዝተን ሦስት ሳምንት ስንደክም ቆየን። የላቦራቶሪውን የምስክር ወረቀት የተቀበልኩት ዛሬ ቢሮ ሊዘጋ ሲል ነው፤ የካሎሪ መጠኑ (አንድ ኪሎ ሲነድ የሚሰጠው ሙቀት) 4,610 ኪሎካሎሪ ይላል። ሰነዱ የሚጠይቀው ቢያንስ 5,000 ነው። ባለፈው ዓመት ከዚያው ጉድጓድ ያስመረመርነው 5,200 ነበር። ሸሪኬ «የአምናውን አያይዝ፣ ማን ያውቃል» እያለ ይጨቀጭቀኛል። ማብራሪያ ደብዳቤ ጨምሬ ባስገባ ይቀበሉኛል? ወይስ ሳላስገባ ልመለስ? የሃያ ሁለት ሰው እንጀራ ነው።

መዝገብ ቤት (ምሽት 12:58)
ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ ሰነዱን በገዛህ ማግስት መነሣት ነበረበት። ተጫራች ማብራሪያ የመጠየቅ መብት አለው፤ ነገር ግን ሰነዱ ላይ የተቀመጠው ቀን ካለፈ ማንም አይመልስልህም። ግዥ ፈጻሚው የሚገመግምህ አስቀድሞ ባሳወቀው መሥፈርት ብቻ ነው። በ649/2001 አዋጅም እንዲሁ ነበር፤ በተካው በ1333/2016ም መንፈሱ አልተለወጠም። ኮሚቴው አዝኖልህ ቢያሳልፍህ ሁለተኛ የወጣው ተጫራች በማግስቱ አቤቱታ ያስገባል፤ ያን ጊዜ አንተም ኮሚቴውም ትጠየቃላችሁ። ደብዳቤ አስገዳጅ መሥፈርትን አይተካም። ወጣቶች ጨረታን እንደ ዕጣ ማየት ብታቆሙ ደስ ይለኛል፤ ሰነዱ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ይነበባል፣ በእርሳስ ይሰመርበታል፣ ከዚያ በኋላ ነው ናሙና የሚላከው።

ዋስትና (ምሽት 1:05)
የጨረታ ማስከበሪያህ ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ነው ወይስ የባንክ ዋስትና? የባንክ ዋስትና ከሆነ የሚያበቃበትን ቀን አሁኑኑ እይ። በብዙ ሰነዶች ላይ ጨረታው ጸንቶ ከሚቆይበት ጊዜ በላይ 28 ቀን መጨመር አለበት። በካሎሪ ከሚወድቀው ይልቅ በዚህ የሚወድቀው ይበዛል።

ያዩ (ምሽት 1:11)
እኔ ከመነሻው አልስማማም። ጥሬ ከሰል እየቆፈሩ ለሲሚንቶ እቶን ማቅረብ ራሱ መቆም አለበት። የዳውሮም ሆነ የያዩ፣ የደልቢም ሆነ የሞዬ ከሰል አመዱ ብዙ ነው፤ ሳይታጠብ ፋብሪካ ከገባ አመዱ ክሊንከሩ (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ከእቶኑ የሚወጣው ድንጋይ) ውስጥ ይቀራል፣ የጥሬ ዕቃውን ቅይጥ ያዛባል። ፋብሪካዎቹ ለዓመታት ከደቡብ አፍሪካ በጅቡቲ በኩል ሲያስገቡ የኖሩት አገር በቀሉን ጠልተው አይደለም፤ ዛሬ የመጣው ጭነት ከትናንቱ ጋር ስለማይመሳሰልባቸው ነው። 4,610 ከሆነ 4,610 ነው። ተመለስና ከማጠቢያ ጋር ተዋዋል።

የታርጫው (ምሽት 1:20)
ጋሼ መዝገብ ቤት፣ ምክርዎን እቀበላለሁ፤ ግን ለነገ ጠዋት አይደርስልኝም። ያዩ፣ እስከ ነገ 4:00 ሰዓት ከሰል ማጠብ አይቻልም። አመዱ ሰነዱ ከፈቀደው በታች ነው፤ ሰልፈሩም እንደዚሁ። የወደቅሁት በካሎሪው ብቻ ነው።

ጆንያ (ምሽት 1:26)
አጎቴን የድንጋይ ከሰል ልነግድ ነው ስላቸው «ጎሽ፣ ለቡና ማፍያ አንድ ጆንያ ጣልልኝ» አሉኝ። እቤታቸው ወስጄ ቢያነዱት ኖሮ በጭሱ ጎረቤት ይሰደድ ነበር። ወደ አንተ ልመለስ፦ ሁለት ፖስታ ከሆነ የዋጋ ማቅረቢያው አንድ ገጽ እንኳ ከቴክኒኩ ጋር እንዳይቀላቀል። በጥድፊያ ሌሊት የሚሆነው ይኸው ነው። ማኅተሙስ አብሮህ ነው?

ናሙና (ምሽት 1:41)
አንድ ነገር ልጠይቅህ። 4,610 በምን መሠረት ነው የተሰላው? ናሙናው ላቦራቶሪ እንደ ደረሰ ከነሙሉ እርጥበቱ ነው ወይስ በአየር ከደረቀ በኋላ? ሰነዱስ የቱን ይጠይቃል? ጠቅላላው የካሎሪ መጠን ነው ወይስ የተጣራው (እንፋሎቱ ይዞት የሚሄደው ሙቀት የተቀነሰለት)? ከቁጥሩ ሥር በትናንሽ ፊደል ይጻፋል። የእርጥበቱን ሁለት ቁጥሮችም ላክልኝ።

ዋስትና (ምሽት 1:44)
የዋስትናውን ቀን አየኸው?

የታርጫው (ምሽት 1:58)
ናሙና፣ አሁን አነበብኩት። ወረቀቱ «እንደ ደረሰ» ይላል፤ ሰነዱ «በአየር በደረቀ ናሙና» ይላል። ሁለቱም ጠቅላላ ነው የሚሉት። ጠቅላላ እርጥበት 18.2 በመቶ፣ በአየር ከደረቀ በኋላ 7.9 በመቶ። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው እንዴ?

ናሙና (ምሽት 2:10)
በጣም እንጂ። አሥራ አምስት ዓመት ቦምብ ካሎሪሜትር (የከሰልን ሙቀት የሚለካው መሣሪያ) ፊት ስቀመጥ ሰው እንደ አንተ ሲያዝን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከመቶ ላይ 7.9 ቀንስ፣ 92.1 ይሆናል። ከመቶ ላይ 18.2 ቀንስ፣ 81.8 ይሆናል። 4,610ን በ92.1 አባዛና ለ81.8 አካፍል፤ ወደ 5,190 ይመጣል። ከሰልህ አልወደቀም። ሁለት ዓይነት ሚዛን ይዘህ ነው ያነጻጸርከው። የአምናውን ወረቀት ገልጠህ እየው፤ በአየር የደረቀ ብሎ ሳይጽፍ አይቀርም።

አሁን የምለውን ልብ በል። ይህን ስሌት በእጅህ ወረቀቱ ላይ እንዳትጽፍ፤ የተነካካ የምስክር ወረቀት ዋጋ የለውም። ላቦራቶሪው ሲከፈት በራቸው ላይ ተገኝና በሁለቱም መሠረት ተጽፎ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎ ይሰጥህ። ቁጥሮቹ መዝገባቸው ላይ ስላሉ አዲስ ምርመራ አያስፈልግም። ካልደረሰልህ ዋናውን ወረቀት እንዳለ አስገባና ስሌቱን በድርጅትህ ደብዳቤ ላይ ለብቻው አያይዝ፤ ማንም መሐንዲስ በሁለት ደቂቃ ያረጋግጠዋል። የአምናውን ወረቀት የዘንድሮ አስመስለህ ካያያዝክ ግን ያ ማጭበርበር ነው፤ ከጨረታ ያሳግዳል። ሸሪክህ ይህን ይስማ።

መዝገብ ቤት (ምሽት 2:19)
የናሙና ማብራሪያ ትክክል ነው። እኔ ደብዳቤ አይተካም ያልኩት ላልተሟላ መሥፈርት ነው፤ ይህ ግን የተሟላውን ማሳየት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ብዙዎቹ የመንግሥት የልማት ድርጅቶች የራሳቸው የግዥ መመሪያ አላቸው። አቤቱታ ቢያስፈልግህ አዋጅ ከመጥቀስህ በፊት ሰነዱ ላይ ለማንና በስንት ቀን እንደሚቀርብ አንብብ።

ያዩ (ምሽት 2:27)
ሂሳቡን እቀበላለሁ። ግን 190 ኪሎካሎሪ ጠባብ ትርፍ ነው። ክረምት ሲገባ መኪናው ከዳውሮ አዲስ አበባ ሲደርስ ዝናብ ጠጥቶ ነው የሚደርሰው። ያን ጊዜ ፋብሪካው ይመልስበታል።

ናሙና (ምሽት 2:36)
ዝናቡ በአየር የደረቀውን ቁጥር አይነካውም፤ ናሙናው ከመመርመሩ በፊት ይደርቃልና። የሚጎዳህ በሚዛኑ ላይ ነው፦ ውሃውን ከቶኑ ላይ ይቀንሱብሃል፣ እርጥበቱ ከተፈቀደው ጣሪያ ካለፈም ጭነቱን ይመልሱታል። ስለዚህ ለሸራ ወጪ ያዝ፤ ከመጫንህ በፊትም ክምሩን ሸፍን። ዋጋህን ስታሰላ የሚከፈልህ በጉድጓዱ አፍ በተጫነው ቶን ሳይሆን በፋብሪካው በር ላይ በተመዘነው ቶን መሆኑን አትርሳ። ያዩ ስለ ጭነት መለያየት ያለው ግን እውነት ነው። ናሙናውን ከአንድ ጥግ ዘግናችሁ ከሆነ 5,190ም አያዛልቃችሁም።

የታርጫው (ምሽት 2:44)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ናሙና። የአምናው ወረቀት ላይ «በአየር የደረቀ» ይላል፤ እንዳሉት ነው። ናሙናውን ከአምስት ቦታ ነው የወሰድነው፣ ማኅተሙም አብሮኝ ነው። ሸሪኬንም ደውዬ ነገርኩት፤ ዝም አለ። ነገ ጠዋት 2:30 ላይ ላቦራቶሪው በር ላይ እቆማለሁ።

ዋስትና (ምሽት 2:46)
የዋስትናውን ቀን!

የታርጫው (ምሽት 2:59)
አሁን አየሁት። 90 ቀን ነው። ሰነዱ ጨረታው 90 ቀን ይጸናል፣ ማስከበሪያው ደግሞ 28 ቀን ይጨመርበታል ይላል። ባንኩ ስንት ሰዓት ይከፈታል?

ዋስትና (ምሽት 3:02)
ቅርንጫፉ 2:00 ሰዓት ይከፍታል። ሥራ አስኪያጁን ዛሬ ማታ በስልክ ለማግኘት ሞክር፤ ማራዘሚያውን ጠዋት ቀድመው ይጻፉልህ። ላቦራቶሪው ናሙና ያለህን ደብዳቤ ከያዝክ ሊታለፍ ይችላል፤ ይህ ግን አይታለፍም። መጀመሪያ ባንክ ሂድ።

ጆንያ (ጠዋት 3:50)
የታርጫው፣ ደረስክ?

ናሙና (ከሰዓት በኋላ 8:15)
ጨረታው 4:30 ላይ ተከፍቶ ይሆናል። ውጤቱን ስታውቅ ጻፍልን።

ወጪ ቆጣቢ (ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጠዋት 5:20)
እኔም የውጫሌ ከሰል ይዤ ተመሳሳይ ጨረታ ላይ ነኝ። የእኔ ሰነድ ደግሞ «በደረቅ መሠረት» ይላል። ያው ስሌት ነው?

ናሙና (ከሰዓት በኋላ 7:05)
ያው ነው፤ የምታባዛበት ቁጥር ብቻ (ለታርጫው 92.1 የነበረው) ሙሉ 100 ይሆናል፣ ደረቁ ከሰል ምንም እርጥበት የለውምና። ለጠቅላላው የካሎሪ መጠን ነው እንዲህ የሚሠራው። የተጣራ ካለ ቁጥሮቹን ላክልኝ።