ሌቭል ስለጨመረ ብቻ አርፒጂ ይባላል?

ጠያቂው፦
አሁን አሁን ሌቭል፣ ማለትም እየተጫወትክ የሚያድግ የጥንካሬ ደረጃ፣ የሌለው ጌም ማግኘት ከባድ ሆኗል። የተኩስ ጌም ሌቭል አለው። የኳስ ጌም ላይ የተጫዋችህን ፍጥነት በነጥብ ታሳድጋለህ። በ2007 የወጣው ኮል ኦፍ ዲዩቲ 4 እንኳን ኦንላይን ስትጫወት ነጥብ እያጠራቀምክ አዲስ መሣሪያ ያስከፍትህ ነበር። አርፒጂ (ሮል ፕሌይንግ ጌም፣ አንድን ሰው ሆነህ የምትጫወተው ዓይነት) ነው ያለው ሰው ግን አልገጠመኝም። ታዲያ መስፈርቱ ምንድን ነው? የእኔን ልናገር። የካራክተርህ ማንነት ጌሙ የሚሰጥህን መልስ ሲቀይር፣ ያ አርፒጂ ነው። ቁጥር ብቻውን አይበቃም።

ባለ ኮንሶሉ፦
በፍጹም አልስማማም። እንዲህ ካልን የዘርፉን ግማሽ ታሪክ ማባረራችን ነው። ድራጎን ክዌስት በ1986፣ ፋይናል ፋንታሲ በ1987 ወጡ። የሁለቱም ታሪክ አንድ መስመር ይዞ ነው የሚሄደው። አንተ የምትወስነው ትጥቁንና የውጊያውን ስልት ነው። አርፒጂ አይደሉም የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳኝ። ትናንት ያሸነፈህን ጭራቅ ዛሬ ጠንክረህ ተመልሰህ ትጥለዋለህ። የጠነከረው ካራክተሩ ነው፣ ጣትህ አይደለም። ለእኔ መስፈርቱ ይሄው ነው፦ ውጤቱን የሚወስነው የካራክተሩ አቅም ነው ወይስ የእጅህ ፍጥነት?

ባለ ዳይሷ፦
ሁለታችሁም ስክሪኑ ላይ ተተክላችሁ ቀራችሁ። ነገሩ የተጀመረው ጠረጴዛ ላይ እኮ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ያወጡት ከጦርነት ጨዋታ ተነስተው ነው። በዚያ ጨዋታ አንድ ትንሽ ቅርጽ ብዙ ወታደሮችን ይወክል ነበር። እነሱ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ሰጡት። ከዚያ የጨዋታው መሪ ይጠይቃል፦ «ምን ታደርጋለህ?» መልሱ ከዝርዝር አይመረጥም። በሩ ተቆልፏል እንበል። ትሰብረዋለህ። ቁልፉን ትሰርቃለህ። ጠባቂውን ታግባባለህ። ወይም ማንም ያላሰበውን ታደርግና ጣሪያውን ቀደህ ትገባለህ፤ መሪው እዚያው ይፈርዳል። የእኔ መስፈርት ይሄ ነፃነት ነው። በ1991 የወጣው አምበር የሚባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ጭራሽ ዳይስ አይጣልበትም፣ ግን አርፒጂ መሆኑን ማንም አልካደም።

ባለ ኮንሶሉ፦
እህቴ፣ እንዲህ ከሆነ ኮምፒውተር ላይ ያለው ሁሉ የውሸት ነው ማለት ነው?

ባለ ዳይሷ፦
የውሸት አላልኩም። ጠባብ ነው ያልኩት። የጌም ሠሪው ቀድሞ ያላሰበውን ነገር ማድረግ አትችልም።

ባለ ሰይፉ፦
ዊቸር 3 የሚባለውን ጌም የት ልታስገቡት ነው? ዋናውን ካራክተር ጌራልትን አልፈጠርኩትም፣ ተሰጠኝ። ውጊያውም የጣት ነው፤ በደንብ ከሸሸሁ ከእኔ የሚበልጠውን ጭራቅ እጥላለሁ። በባለ ኮንሶሉ ሚዛን ሊወድቅ ነው። ግን ዛፉ ውስጥ የታሰረውን መንፈስ አስታውሱ። ብትለቁት ሕፃናቱ ይተርፋሉ፣ መንደሩ ያልቃል። ብትገድሉት ሕፃናቱ ይሞታሉ። ውሳኔው የእኔ ነው፣ ዓለሙም ይመልስልኛል።

ጠያቂው፦
ለዚህ ነው ዲስኮ ኢሊሲየም የሚባለውን ጌም ማንሳት የምፈልገው። በ2019 ነው የወጣው። የውጊያ ሥርዓት የለውም። ያለው 24 ችሎታና ሁለት ዳይስ ነው። መርማሪው ሆቴል ውስጥ ከከባድ ስካር ይነቃል። ክራቫቱ ጣሪያው ላይ ካለው ቬንቲሌተር ጋር ይሽከረከራል። አካሉን ደካማ አድርገህ ከሠራኸው፣ ክራቫቱን ላውርድ ብሎ እጁን ሲዘረጋ ልቡ ቀጥ ሊልና ጌሙ እዚያው ሊያልቅ ይችላል።

ሌላም አለ። ችሎታዎቹ በንግግር መሃል እየገቡ ያወሩሃል። አንዱን ከልክ በላይ ካሳደግከው ዝም አይልም፣ ያሳስትሃልም። ቁጥር መጨመር ማለት እዚህ ሌላ ሰው መሆን ማለት ነው። ባለ ኮንሶሉ የሚለው የካራክተር አቅም አለ። ባለ ሰይፉ የሚለው የዓለሙ ምላሽም አለ። የባለ ዳይሷን ነፃነት በሙሉ ኮምፒውተር አይሰጥም፣ በዚህ እሷ ትክክል ናት። ፋይናል ፋንታሲን አላባርርም፣ ግን ለእኔ ጠርዝ ላይ ነው ያለው።

ባለ ኮንሶሉ፦
ጠርዝ ላይ ማለትህ ያሳዝነኛል፣ እኔ አርፒጂን የወደድኩት በእነሱ ነው። ይሁን፣ ሮግ የሚባለው ጌምስ? የ1980ው። ታሪክ የለውም፣ ንግግር የለውም። ምን እንደሆነ የማታውቀውን መድኃኒት ልጠጣ አልጠጣ እያልክ ወደ ታች ትወርዳለህ። የእጅ ፍጥነት ምንም አይፈይድህም። በእኔ ሚዛን ይገባል። በአንተስ?

ጠያቂው፦
በእኔ አይገባም። ጌሙን እወደዋለሁ፣ ትልቅ ሥራ ነው። ግን ወደ ጉድጓዱ የወረደው ሰው ፈሪ ይሁን ጨካኝ፣ ምሁር ይሁን ሌባ፣ ጭራቆቹ የሚያደርጉት ያው አንድ ነው።